የላስኩት ቃል

ናኽቲ የሚመጣው ቀትር ላይ ነው። ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በተኛበት፣ የምሽጉ ዘበኞች እንኳ ጦራቸውን ተደግፈው በሚያንቀላፉበት ሰዓት መጥቶ ከጎተራዬ ሥር ይቀመጣል። ሙታን የሚመጡት በጨለማ ነው የሚሉ ሰዎች ያልተቀበረ ዘመድ የሌላቸው ናቸው። እኔ የሚስቴ ወንድም አለኝ። አይናገርም፣ አይቆጣም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ቤቱን በዓይኑ ይዞራል፣ አንድ ሰው ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይቀመጣል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ አስመስላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነን።

ስሜ ሬንሰነብ ነው። ከታላቁ ወንዝ ሁለተኛ ፏፏቴ አጠገብ ባለው የንጉሡ የደቡብ ምሽግ ጸሐፊ ነበርኩ። አሁን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ከሥራ አሰናብተውኛል፤ ብዕሬን ግን ረስተው አልወሰዱብኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

ልጅቷ ወደ ቤታችን የገባችው ንጉሡ መጀመሪያ ወደ ኩሽ በዘመተበት ዓመት ነው። ያ ዘመቻ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ድንጋዩ የሚለው ሌላ፣ እኔ ያየሁት ሌላ። እኔ ያየሁት የውኃ ጉድጓዳቸው በአፈር ሲደፈን፣ ገብሳቸው እሸት ሳለ ሲቃጠል፣ ከብቱና ሴቱ በአንድ ላይ ወደ ሰሜን ሲነዳ ነው። በምሽጉ በር ተቀምጬ የሚገባውን ስጽፍ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ፊቴ ቆመች። ምንም ሳልጠይቃት በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። አስተርጓሚው፣ «የአዋካ ልጅ ነኝ፣ አዋካም የቴርያሂ ልጅ ነው ትላለች» አለኝ። በአገራቸው ሕፃን አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው አሉ፤ ከጠፋ የአባቱንና የአባቱን እናት ስም ለሰው እንዲናገር። ልጅቷ ለእኔ ነገረችኝ፣ ለዘበኛው ነገረችው፣ አጠገቧ ለቆመው በሬም ነገረችው። ማንም ወደ ቤቷ የሚመልሳት አልተገኘም። አንጀቴን በላችው።

ሚስቴ ሄኑት ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ያን ዓመት ከምርኮው ድርሻህን ውሰድ ስባል ሌሎቹ ፍየል ሲመርጡ እኔ ልጅቷን ይዤ ገባሁ። ሄኑት ውኃ አሙቃ አጠበቻት፣ ዳቦ በወተት አርሳ አጎረሰቻት፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሰነብቲሲ አልናት። ጤነኛ ትሆናለች ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ያን ስም መደርደሯን ተወች። በዓመቱ ቋንቋዋን ረሳችው። ከሥሬ ስለማትጠፋ ፊደል አስተማርኳት፤ በተሰበረ ሸክላ ላይ ስትሞነጫጭር ውላ ማታ ጣቶቿ ጥቁር ሆነው ትመጣለች። ሄኑት፣ ሴት ልጅ ፊደል ለምን ይጠቅማታል፣ ዳቦውን ልታነበው ነው ወይ እያለች ትስቅብኝ ነበር። ልጄ ስላት አፌ ይሞላ ነበር። ያን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው አላውቅም ነበር።

ናኽቲ የሄኑት ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው እሱን ወልዳ በሰባተኛው ቀን ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ቀስተኛ ሆኖ እኛው ምሽግ ተመደበ። እኔን ጋሼ ቀለም ይለኛል፤ ሰነብቲሲን ትከሻው ላይ ጭኖ በምሽጉ ግንብ ላይ ይዞራል፣ አዛዡ ሲያየው ደግሞ ጠላት እያሳየኋት ነው ይላል። ሳቁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል።

ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ንጉሡ እንደገና ተነሣ። ድንበሩን ከፏፏቴው አሳልፎ እስከ ሻአት ሊገፋ ነው ተባለ። ጀልባው በየቀኑ ወታደር ያራግፋል፤ የዳቦ ምድጃዎቹ እረፍት አጡ። ከወታደሩ ጋር ኢፒ የሚባል መጽሐፍ አንባቢ ካህን ከቴብስ መጣ። ራሱ ተላጭቶ የሚያበራ፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም ሰው ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። ይዞት የመጣው ጥቅል የኩሽ አለቆች ስም ዝርዝር ነው፤ የበረሃ ጠቋሚዎች አንድ ዓመት ለፍተው የሰበሰቡት፣ እያንዳንዱ ከነእናቱ ስም።

ሠራዊት ሳይነቃነቅ ማሰሮ ይሰበራል። ይህ በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ ያለ ነው። የጠላት ስም በቀይ ቀለም በማሰሮ ላይ ይጻፋል፤ ከስሙ ቀጥሎ ጎበዞቻቸው ሁሉ፣ ሯጮቻቸው ሁሉ፣ ልጆቻቸው ሁሉ፣ የሚያምፁ፣ ለማመፅ የሚያስቡ ሁሉ ይባላል። ማሰሮው ሲሰበር እነሱም ይሰበራሉ። ከምሽጉ ጸሐፊዎች ጽሕፈቴ ያማረው እኔ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ኢፒ ያነብባል፣ እኔ እጽፋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ማሰሮ ላይ ስደርስ፣ «የሻአት አለቃ አዋካ፣ ከቴርያሂ የተወለደው» አለ።

ብዕሬ ቆመ። ኢፒ ቀለሜ የደረቀ መስሎት ውኃ አቀረበልኝ። ጻፍኩት። እስከ መጨረሻው ቃል ጻፍኩት፤ ዓይኑ እጄ ላይ ነበረና ሌላ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ ለጨዋታ ያህል አስመስዬ፣ ከእነዚህ አለቆች ልጆች አንዱ ተማርኮ እኛ ዘንድ ቢያድግ፣ የኛን ዳቦ ቢበላ፣ ማሰሮው እሱንም ይነካዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ኢፒ ሳቀ። «ዳቦ በልቶ ከአባቱ የተፋታ አይተሃል እንዴ? ማሰሮ እኮ ውሻ አይደለም፣ አሽትቶ አይለይም። የተጻፈው ተጽፏል።»

ቤት ስደርስ ሰነብቲሲ ተኝታለች። ከጧት ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል አለችኝ ሄኑት፤ ግንባሯን ስነካው እንደ ምድጃ ይፋጃል። ገና ሲጻፍ እንዲህ ካደረጋት ሲሰበር ምን ሊሆን ነው? አልበላሁም። ሄኑት ሽንኩርትና ጠላ አቅርባ ብትለምነኝ ጭራሽ ጮህኩባት።

በማግስቱ ማሰሮዎቹ ከግንቡ ውጭ አሸዋው ላይ ተደረደሩ። ወታደሮቹ በድንጋይ ሰባበሯቸው፣ ተፉባቸው፣ በእግራቸው ረገጧቸው። ናኽቲም ከነሱ ጋር ነበር፤ አንዱን ሰብሮ ወደ እኔ ዞር አለ፣ «ጋሼ ቀለም፣ ሁሉንም ጽፈሃቸዋል አይደል? አንድ እንኳ እንዳታስቀርብኝ» አለኝ። ሁሉንም ጽፌአለሁ አልኩት። አልዋሸሁም። መከራዬም እሱ ነው።

ስብርባሪውን እስከ መጨረሻው ቅንጣት ሰብስቦ ጉድጓድ መክተት የጸሐፊው ሥራ ነው። ስሰበስብ ያችን ገል አገኘኋት፤ መዳፌን የምታክል፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት «ልጆቻቸው ሁሉ» የምትል። የአሥራ ሰባተኛው ማሰሮ መሆኗን በቀለሟ አወቅኳት፤ ኢፒ ያቀረበልኝ ውኃ እዚያ ላይ ቀለሙን አቅጥኖት ነበር። ወደ ብዕር ከረጢቴ ከተትኳት። ሽንቴ መጣ ብዬ ከግንቡ ጀርባ ሄድኩና ላስኳት። እኛ ጸሐፊዎች ስንሳሳት የምናጠፋው በምላሳችን ነው፤ ተማሪ ሳለን ጀምሮ ቀለም እየዋጥን ነው ያደግነው። ይህኛው የዝገትና የሙጫ ጣዕም ነበረው። ሦስት ጊዜ ላስኩ፣ ዋጥኩ፣ ባዶዋን ገል መልሼ ከሌሎቹ ጋር ቀበርኳት።

ቤት ስገባ ልጄ ተነሥታ ሽንኩርት በጨው ትበላለች። ግንባሯ ቀዝቅዟል። ከዚህ በኋላ ማን መጥቶ የሠራኸው ከንቱ ነው ቢለኝ እሰማዋለሁ? አቅፌ ሳምኳት፤ አባዬ አፍህ ቀልቷል ብላ ሳቀችብኝ።

ሠራዊቱ ሄደ። ሁለት ወር ቆይቶ ተመለሰ። ድል ሆኗል፤ ሻአት ተይዛለች፣ አዲስ ምሽግ ሊቆረቆርባት ነው፣ አዋካ በመጀመሪያው ቀን አንገቱን በቀስት ተመትቶ ወድቋል። ማሰሮው ሠርቷል እያሉ ወታደሮቹ ኢፒን በትከሻቸው ተሸከሙት። የናኽቲ ጓድ ግን ከሰልፉ ውስጥ የለም። ከአርባ ቀስተኞች የተመለሱት ሦስት ናቸው፤ አንደኛው እጁን አጥቷል። እሱ ነው ለሄኑት የነገራት። በደረቁ ሸለቆ ሲያልፉ ከቋጥኙ ጀርባ የአዋካ ልጆች ከነሰዎቻቸው ወረዱባቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ትንሹ ገና ጢም አላበቀለም። ሠራዊቱ ወደ ፊት ይቸኩል ነበርና የሞቱትን የቀበረ የለም፤ ፀሐይ ላይ ተዋቸው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። የአዋካ ልጆች ሲል የላስኳት ገል ትዝ አለችኝ። ማዳን የፈለግኩት አንዷን ነበር። ቃሉ ግን ስም አይለይም፤ እሷን ስፈታ ወንድሞቿንም ፈታኋቸው።

በባዕድ ምድር ያለ መቃብር መቅረት ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው አይነገርም። ውኃ የሚያፈስለት የለም፣ ስሙን የሚጠራ የለም፤ ደጋግሞ ይሞታል። ያን ሰሞን ነው ናኽቲ መምጣት የጀመረው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሄኑት ጠላ ትጠምቃለች፣ ልጅቷ አጠገቧ እህል ትፈጫለች። እሱ በመካከላቸው አልፎ ከጎተራው ሥር ቁጭ አለ። እነሱ አላዩትም።

ኢፒ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጥሎብን ሄደ። አባቱ ሲወድቅ ልጆቹ የቆሙት በማሰሮው ላይ እጁን ያላላ ሰው ስላለ ነው አለ። አልጠረጠረኝም፤ በደንብ ያልሰበረ ወታደር አለ ለማለት ነው። ወሬው በምሽጉ ተዛመተ፣ ሄኑት ጆሮ ደረሰ። የድሉ ድንጋይም በዚያው ሰሞን ቆመ። ረቂቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ንጉሥ ከሠራዊቴ አንድ ሰው አልጠፋም ብለህ ጻፍ ካለ ትጽፋለህ። በበሩ ሲነበብ ሄኑት ከሕዝቡ መሀል ቆማ ሰማች። ቤት መጥታ፣ ወንድሜ ካልጠፋ የት ነው ያለው ብላ ጠየቀችኝ።  አላለቀሰችም። ያላለቀሰ ሰው ያስፈራል።

በሳምንቱ አዲስ የሸክላ ሳህን ገዝታ መጣች። ለሙት ደብዳቤ የሚጻፈው በሳህን ላይ ነው፤ በላዩ ዳቦ ይደረግና ሙቱ ሲበላ ያነበዋል። መቃብር ስለሌለው የናኽቲን የተረፈ ጫማ በምዕራብ በኩል ከግንቡ ሥር ልትቀብር፣ ሳህኑንም ከላዩ ልታደርግ አስባለች። ጻፍልኝ አለች። በሆዴ፣ የምትለውን ትቼ የተባረከ ነገር ጽፌ አስረክባታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ እሷ ማንበብ አትችልም። ሄኑት ግን ሰነብቲሲን ጠራቻት። «ልጄ፣ ነይ አባትሽ አጠገብ ተቀመጪ። ሲጽፍ እየተከተልሽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ወንድሜ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።»

ልጅቷ እጇን አራግፋ መጥታ ትከሻዬን ተደግፋ ተቀመጠች። ቀትር ነበር። ናኽቲ ከጎተራው ሥር ቀና አለ።

ሄኑት ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ልጅቷ ታነብባለች። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ ዳቦህ ይኸውልህ፣ ውኃህ ይኸውልህ፣ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ የሚል። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ማሰሮው ላይ ያጎደለውን ሰው አንተ ታውቀዋለህ። ሙታን ያውቃሉ። ፈልገህ አግኘው። እሱን ራሱን አትግደለው፣ ይኑር። ልጄ ብሎ የሚጠራውን ውሰድበት። እኔ እንዳየሁት እሱም ይየው።»

ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ሰነብቲሲ አባዬ ጻፈው እንጂ ብላ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ጻፍኩት። እሷም ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳትዘል፣ «ልጄ ብሎ የሚጠራውን ውሰድበት» ብላ አነበበች። ጎበዝ አንባቢ ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሄኑት ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ነገ ፀሐይ ስትወጣ እቀብረዋለሁ፣ እስከዚያ ከእጄ አይወጣም አለች። ቃሉ ወደ ሙቱ የሚደርሰው ሲቀበር ነው። ቀሪው ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ልናዘዝ አሰብኩ፤ ብናዘዝ አፍንጫና ጆሮዬ ይቆረጣል፣ ሄኑትም ወደ ድንጋይ ካባው ትወርዳለች፣ ልጅቷ ደግሞ የአዋካ ልጅ መሆኗ ይታወቅና ማን ይምራታል? ሳህኑን ሰርቄ ልልሰው አሰብኩ። ግን መጀመሪያ ስልስ ሠላሳ ሰባት ሰው ሞቷል። ደግሜ ብልስ የማን ደም እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? ደግሞም ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም ልጻፈው።

አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ልጄ ብሎ የሚጠራው ከሌለ የሚወሰድ የለም።

ያኔውኑ ወደ አዛዡ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በቤቴ ያለችው የኩሽ ምርኮኛ ናት፣ ልጄ አይደለችም፣ በስተሰሜን ባለው ምሽግ ለሽመና ቤት ሰጥቻታለሁ ብዬ በሁለት ምስክሮች ፊት አጻፍኩ። የሚጽፈው ጎረቤቴ ነበር፤ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ፣ ከዚያ ጻፈ። ጀልባው አመሻሽ ላይ ይነሣ ነበር። ከሄኑት ጋር ትቅር ብዬም አውጥቼ አውርጄ ነበር። ግን አንድ ጣራ ሥር ከኖርን ምላሴ አንድ ቀን ያመልጠኛል፤ ናኽቲ ደግሞ በየቀኑ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።

ዘበኛው ሊወስዳት ሲመጣ ሄኑት ቀልድ መሰላት። ከዚያ ጽሑፉ ሲነበብ ሳህኑን በአንድ እጇ እንዳቀፈች በሌላው ልብሴን ያዘች። ወንድሜን በቀበርኩ ማግስት ልጄን ትሸጥብኛለህ አለች። ገና አልቀበርሽውም ልላት ነበር። ጎረቤት በሙሉ በር ላይ ወጣ። መስማት ያለባቸው እነሱም ናቸው፣ ያን ቀን ከጎተራው ሥር ሳይነሣ የዋለውም ነው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ይህች ምርኮኛ ናት፣ ልጅ የለኝም አልኩ።

ሰነብቲሲ አልጮኸችም። የዱቄት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፊቴ ቆመች። «ምን አጠፋሁ፣ አባዬ?»

«አባዬ አትበይኝ። ጌታዬ በይ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዓይኖቼ የሆነ ነገር የምታነብ መሰለኝና ዓይኔን ሰበርኩ። «እሺ፣ ጌታዬ» አለችና ከዘበኛው ፊት ፊት ሄደች። ሄኑት እስከ ወንዙ ተከተለቻት። እኔ ቤት ውስጥ ቀረሁ። ናኽቲ ተነሥቶ ቤቱን ዞረ፣ የተኛችበትን ምንጣፍ አየ፣ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሄኑት በማግስቱ ሳህኑን ቀበረች፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ዳቦዬን ትጋግራለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ አንድ ቀን ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አልበላችም። ለምን እንዳደረግኩት ሳትሰማ ሞተች። ልነግራት ስል ሁልጊዜ ቀትር ይሆናል፣ ናኽቲም መጥቶ ይቀመጣል።

እኔም ያን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም። የጎረቤት ሕፃን መንገድ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ አነሣዋለሁ፣ አቧራውን አራግፋለሁ፣ አንተ እለዋለሁ። ሰዎች ልበ ደረቅ ሽማግሌ ይሉኛል። ይበሉ። ጀልባ ቀዛፊዎች ከሰሜን ሲመጡ ስለ ሽመና ቤቱ በዘዴ እጠይቃለሁ፤ ስለ ተልባ እግር ጨርቅ ጥራት የምጠይቅ አስመስዬ። በዚህ መንገድ ነው ባል ማግባቷን፣ ከዚያ የሸማኔዎቹ አለቃ መሆኗን የሰማሁት።

ባለፈው የጎርፍ ወራት ወደብ ላይ ተቀምጬ ዓሣ ስገዛ አንድ ጀልባ ቆመ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ሌላ ሁለት በእጇ ይዛ ወረደች። በአካሄዷ አወቅኳት። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ደህና ነዎት? ልጆቼን ላሳይዎት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ናኽቲ ከኋላዬ መቆሙን ጀርባዬ ላይ በተሰማኝ ሙቀት አወቅኩ፤ እስከ ወደቡ ተከትሎኝ መጥቷል። የጀርባዋ ሕፃን እጁን ወደ ጢሜ ዘረጋ። ያ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፣ ከንፈሬ ተከፍቷል፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም።

«ማን ነሽ አንቺ?» አልኳት።

ልጆቿ ቀና ብለው አዩዋት። እሷ የሕፃኑን እጅ ቀስ አድርጋ መለሰች።

«ይቅርታ፣ ሰው ተመሳስሎብኝ ነው» አለች፣ ልጆቿንም ይዛ ወደ ጀልባው ተመለሰች። እስክትርቅ ቆሜ አየኋት። ጤነኛ ናት። ልጆቿም ጤነኞች ናቸው። ዓሣዬን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ናኽቲም ተከተለኝ።